የወስፋቱ ባለቤት

«ሳህኗን ለብቻ አድርጊላት እማዬ። ቅዳሜ እስክትሄድ ድረስ ነው፤ ሁለት ቀን ለብቻዋ ብትበላ አትሞትም።»

ኮናዱ ይህን ያለችው ሐሙስ ማለዳ፣ ገና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ግቢው መሀል ቆማ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው አገር ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ነው። ቢራጎ ግን ከመስኮቷ በስተጀርባ ሻሿን እያሰረች እያንዳንዱን ቃል ሰማች። ልጇ ዱፊ ምንጣፉ ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች። ኮናዱ ቀጠለች፤ «ያመጣችው ከገጠር ነው። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም» አለች፤ ድምፅዋንም አልቀነሰችም። ያልቀነሰችው ረስታ እንዳይመስላችሁ። በግቢው ዙሪያ ካሉት ስምንት ክፍሎች አምስቱ የተከራይ ናቸው፤ ትናንት አመሻሽ ላይ የሆነውን ያዩት ተከራዮቹ ስለሆኑ ዛሬ መልሱን መስማት ያለባቸውም እነሱው ናቸው።

ትናንት የሆነው ይህ ነው። የአራት ዓመቷ ዱፊ ፖፖዋ ላይ ተቀምጣ ሳለች በድንገት ጮኸች። ተከራይዋ ፖኩዋ ልታነሳት ብትሮጥ፣ እንደ እርሳስ የረዘመ ነጣ ያለ ወስፋት አየችና ከልጅቷ ብሳ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ያላየ የለም። ፖኩዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ አንድ ነገር አይታ ዝም ማለት ግን አልተፈጠረባትም። ኮናዱ ደግሞ እንጀራዋ በሰው አፍ ላይ ነው። በኩማሲ ከተማ ባንታማ አውራ መንገድ ዳር ሩዝና አደንጓሬ ትሸጣለች፤ ሳህኑ በአገሩ ገንዘብ አሥራ አምስት ሲዲ፣ ከላዩ ጥሬ ሰላጣ ተከትፎበት፣ እንቁላል ከተጨመረ አሥራ ስምንት። የታክሲ ነጂውም የባንክ ጸሐፊዋም ተሰልፈው ነው የሚገዟት። «ኮናዱ ቤት ወስፋት አለ» የተባለ ቀን ድስቱ እንደ ሞላ ወደ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ወስፋቱ ባለቤት ያስፈልገው ነበር፤ በአንድ ሌሊት ተገኘለት።

ቢራጎ ከናና ፍሬማ አፍ የሚወጣውን ጠበቀች። ናና የኮናዱ እናት፣ የቢራጎ እናት ታላቅ እህት ናቸው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ምድር እናት ብላ የምትጠራቸው እሳቸውን ብቻ ነው። የእህትማማች ልጆች በኩማሲ እህትማማች ናቸው፤ የእህት ልጅም ልጅ ናት፤ ሌላ ስም የለውም። ቤቱን የሠራችው አያታቸው ስትሆን ለሴት ልጆቿ ነው የተወችው። ይህን ሁሉ የማያውቅ የለም። ናና ግን ግቢውን መጥረግ ቀጠሉ። የመጥረጊያው ድምፅ ብቻ ተሰማ። ቢራጎ የናናን ዝምታ ታውቀዋለች፤ እሺ ማለታቸውም እንቢ ማለታቸውም እንዲሁ ነው። ቅዳሜ ዱፊ ወደ አባቷ እናት መንደር ትላካለች ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ወዳየቻት፣ ዓይኗ ወደ ደከመ፣ ከብዙ ልጆች መሀል ስሟን እንኳ ወደማትለይ አሮጊት። ቢራጎ ደግሞ እዚሁ ቀርታ ለኮናዱ ሱቅ ሰላጣ ትቆርጣለች።

ቁርስ ላይ ዱፊና የኮናዱ ልጅ ኒያርኮ እንደ ወትሮው አጥሚት ለመጠጣት ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኒያርኮ አምስት ዓመቷ ነው። ሁልጊዜ ለሁለቱ አንድ ሳህን ነው የሚቀርብላቸው፤ ማንኪያቸው እየተጋጨ፣ «ድርሻዬን አለፍሽ» እያሉ እየተነጫነጩ ነው የሚጨርሱት። ዛሬ ናና ለኒያርኮ ሳህኑን፣ ለዱፊ ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ አቀረቡና ፊታቸውን አዙረው ገቡ። ዱፊ ኩባያዋን አገላብጣ አየችው። «የኔ ብቻ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ቢራጎ ራሷን ስትነቀንቅላት ልጅቷ በደስታ ጉንጯ ሞላ። ኒያርኮ ደግሞ ኩባያ ካልተሰጠኝ ብላ አለቀሰች። ቢራጎን ልጇ ውርደቷን እንደ ሹመት ስትቀበል ማየት ከስድቡ በላይ አቃጠላት። አጥሚቱን ሳታስጨርሳት አንስታ አዘለቻት።

«በአራት ሰዓት ሱቅ እንድትደርሺ» አለች ኮናዱ ድስቷን ታክሲ ላይ እያስጫነች፣ ፊቷን ሳታዞር።

ዱፊን ልታሳይበት ያሰበችው ጤና ጣቢያ ሩቅ አይደለም፤ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ፣ በሚኒባስ ሦስት ሲዲ። ቢራጎ ሦስቱን ሲዲ አወጣች፤ ግን መንገዱ ተዘጋግቶ ሚኒባሱ ቆመና ወርጄ ልሂድ ተቀምጬ ልጠብቅ ስትል ጊዜው አለቀ። ወያላው «እህቴ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» ብሎ ሳቀባት። ወረደች። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተደርድረዋል፤ እሷም ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ውሃ ልግዛ ብላ ሄደች፣ ተራዬ ያልፋል ብላ ሳትገዛ ተመለሰች። በመጨረሻ ነርሷ ሲስተር ኦፎሪዋ ጠራቻት፤ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «የታመመችው አንቺ ነሽ እሷ?» አለች። ነርሷ ወፍራም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ የሚያስቅ ነገር ስትናገር ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት።

ቢራጎ ነገረቻት። ከትናንቱ ፖፖ ጀምራ ዛሬ ጠዋት እስከ ሰማያዊው ኩባያ ድረስ፣ ነርሷ ያልጠየቀቻትን ጭምር። ሲስተር ኦፎሪዋ እየሰማች የዱፊን የክትባት ካርድ ገለጠች፤ ጣቷ አንድ ማህተም ላይ ቆመ።

«ይህቺን አየሻት? የወስፋት ክኒን ወስዳለች፤ ከአምስት ወር በፊት፣ በመንደሯ። ወደ ከተማ የመጣችሁት መቼ ነው?»

«በዚያው ሳምንት።»

«እንግዲህ ያኔ ሆዷ ተጠርጓል። ትናንት የወጣው ደግሞ እንዳልሽኝ ከሆነ ጎልማሳ ነው። ወስፋት እንቁላሉ ከተዋጠ በኋላ እንደዚያ ለመሆን ሁለት ሦስት ወር ይፈጅበታል። እና ልጄ፣ ይሄ የገጠር ልጅ አይደለም። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ፣ የለየለት የኩማሲ ልጅ ነው።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች ሳቁ። ቢራጎ አልሳቀችም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ለእሷ በደቂቃ ጠራላት፤ ግን ልቧን አላሳረፈውም፤ ጭራሽ አነደደው። ሲስተር ኦፎሪዋ ወስፋት ከሳህን ወደ ሳህን እንደማይዘል ነገረቻት፤ እንቁላሉ በአፈርና በፍሳሽ ውሃ ነው የሚመጣው፤ ጥሬ ቅጠል ላይ ይቀመጣል፣ ካልታጠበ እጅ ጋር ወደ አፍ ይገባል። «ጥሬ ምን ትበላለች?» ብላ ጠየቀች። ቢራጎ መልሱን ታውቀዋለች። የኮናዱ ሰላጣ በየማለዳው በጆንያ የሚመጣው ከድልድዩ ስር ካሉት አትክልተኞች ነው፤ እነሱም የሚያጠጡት ከዚያው ከጥቁሩ ወንዝ እየቀዱ ነው። የሚያጥበው ማን ነው? ቢራጎ። ውሃ የሚገዛ ስለሆነ ለአንድ ጆንያ አንድ ሳፋ ይበቃል ያለችው ኮናዱ ናት፤ እሺ ያለችው ግን ቢራጎ ናት። ዱፊና ኒያርኮ ከጎኗ ቁጢጥ ብለው የሰላጣውን ለስላሳ ልብ ሲጠብቁ፣ «እንኩ፣ ለእናንተ ያስቀመጥኩት ነው» እያለች በእጇ አጉርሳቸዋለች።

ዱፊ ክኒኗን አኘከች፤ ከረሜላ መሰላትና «ሌላ አለ?» አለች። ሲስተር ኦፎሪዋ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጋ ወደ እናቷ ዞረች። አብራት የምትበላና የምትጫወት ልጅ ካለች ዛሬውኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንድታመጣት ነገረቻት፤ ነገ ነርሷ ወደ ሌላ ሰፈር ትሄዳለች፣ የተረፈው ክኒንም ወደ ትምህርት ቤቶች ይከፋፈላል። «አንዷን አክመሽ ሌላዋን ብትተዪ ግቢው መልሶ ለሁለቱም ይሰጣቸዋል። የምታመጣት ግን እናቷ ትሁን። የሰው ልጅ አምጥተው እኔን ከጎረቤት የሚያጣሉኝ ሰልችተውኛል። ደግሞ ሆዷ ድንጋይ ሆኖ የሚያስመልሳት ልጅ ካለች ክኒንም ቅጠልም እንዳትሰጧት፣ ቀጥታ ሆስፒታል።»

ሱቅ ስትደርስ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኮናዱ ሽርጧን ወረወረችላት። ቢራጎ ዱፊን ከጠረጴዛው ስር ካርቶን ላይ አስተኝታ ሥራ ጀመረች። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ቀና የምትልበት ጊዜ አልነበረም፤ ሩዝ፣ አደንጓሬ፣ ወጥ፣ እንቁላል፣ መልስ። ማንኪያዋ ሰላጣው ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። አንዱ የታክሲ ነጂ «ምነው ቅጠሉን በሚዛን አደረግሽው? ጨምሪ እንጂ እህት ዓለም» አላት፤ ጨመረችለት፤ ስትጨምርለት ደግሞ ሰውየውን መርዝ ያበላችው ያህል ፊቷ ጋለ። ሰልፉ ሲሳሳ ወደ ኮናዱ ጠጋ ብላ በዝግታ ሁሉንም ነገረቻት፤ ካርዱን፣ ማህተሙን፣ ሰላጣውን፣ ኒያርኮን ዛሬ መውሰድ እንዳለባቸው።

ኮናዱ ቲማቲም መክተፏን አላቆመችም። «ኒያርኮ ወስፋት የለባትም» አለች።

«ብትታከም ምን ይጎዳታል?»

«እሷን አይጎዳትም። መዝገብ ላይ ስሟ ሲጻፍ፣ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሲሰሙ የምጎዳው እኔ ነኝ። ግማሾቹ ከእኔ ነው የሚገዙት።» ቢላዋውን አስቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አየቻት። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንዲያውም ድካም ነበር። «ስሚ ቢራጎ። አንቺ እንግዳ ነሽ። በእንግዳ ላይ የተጣለ ነገር ከእንግዳው ጋር ወጥቶ ይሄዳል። በእኔ ላይ ከተጣለ ግን እዚሁ ይቀራል፤ ሁላችንም እንራባለን፣ አንቺም ጭምር። ልጅቷን የምንልካት ለጊዜው ነው። ነገሩ ሲረሳሳ ትመልሻታለሽ።»

ለጊዜው። የዱፊ አባትም ወርቅ ወደሚቆፈርበት ሲሄድ ለጊዜው ብሎ ነበር፤ ይኸው ሁለት ዓመት። ኮናዱ ካለችው ውስጥ ግማሹ እውነት ነበር፣ እውነት የሆነው ግማሽ ነው ደግሞ ሰውን አፍ የሚያስይዘው። ቢራጎ ሳህን ማጠብ ጀመረች። አንድ ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበች። ሰዓቱን ከማዶ ካለው የፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ አየች፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ። እንግዳ። እናቷ የተወለደችው በዚያ ግቢ ውስጥ፣ እሷ በምትተኛበት ክፍል ውስጥ ነው። አምስት ወር ሙሉ በጓዳ በር እየገባች፣ የመጨረሻውን ውሃ እየታጠበች፣ ከሁሉ በፊት እየተነሳች፣ ራሷን እንግዳ ያደረገችው ራሷ ናት እንዴ? አስባ ሳትጨርስ እጇ ሽርጡን ፈትቶት ነበር። የተኛችውን ዱፊን አዘለች።

«ወዴት ነው?» አለች ኮናዱ።

«ቤት።»

«ሰው ተሰልፎ!»

ቢራጎ ሄዳለች።

ግቢው በእኩለ ቀን ሙቀት ጭር ብሏል፤ ከፖኩዋ ክፍል ሬዲዮ ብቻ ያንጎራጉራል። ናና ፍሬማ ከወጥ ቤቱ ጥላ ስር ዝቅ ባለች በርጩማ ተቀምጠው በሸክላ መፍጫው ዝንጅብልና ቀይ ቃሪያ ይፈጫሉ። ከጎናቸው ለብ ያለ ውሃና ያ ቀዩ የጎማ ኳስ፣ ጫፉ ቀጭን፣ በየቤቱ ምስማር ላይ የሚንጠለጠለው፣ ይህ አገር ዝንጅብልና ቃሪያ በጥብጦ የልጁን ሁሉ ሆድ በመቀመጫው በኩል የሚያጥብበት። በልጅነቱ እሱን ያልሸሸ ሰው ቢራጎ አታውቅም፤ እሷም ሸሽታለች። ኒያርኮ ከውሃው በርሜል ጀርባ ተወሽቃ፣ ኮሶ የጠጣች ይመስል ፊቷን አጨማዳ ታለቅሳለች። ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄደችም።

«ምን ሆናለች ናና?»

«ሆዷን ነው» አሉ ናና፤ መፍጨታቸውን ቀጠሉ።

ቢራጎ ዱፊን ስታወርዳት ልጅቷ ሮጣ «ለሆዴ ከረሜላ ተሰጠኝ» አለቻት ለኒያርኮ። ቢራጎም በርሜሉ ጋ ቁጢጥ አለች። ኒያርኮ እጇን አንገቷ ላይ ጠመጠመችና በጆሮዋ አንሾካሾከች፤ የአምስት ዓመት ልጅ ሹክሹክታ ግን ከሬዲዮ ይበልጣል። «ትንሿ እማዬ፣ ለዱፊ የሰጠሻትን ከረሜላ ለኔም ስጪኝ። ጎማው ያቃጥለኛል። እኔም እኮ አለብኝ። የኔ ሦስት ነበር፣ ዱፊ ሳትመጣ። ናና ቦዩ ውስጥ ጣሉትና ለማንም አትንገሪ አሉኝ።»

የመፍጫው ድምፅ ቆመ። ቢራጎ ቀና አላለችም። በየቅዳሜው ኒያርኮ ከመታጠቢያው ክፍል ስታለቅስ የምትሰማው፣ ናና በሩን የሚዘጉት፣ ኮናዱ «ድርቀት ነው» የምትለው፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ያውቁ ነበር። ትናንት ዱፊ ስትጮህ፣ ኮናዱ አፏን በእጇ ስትይዝ፣ ናና ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ ሁለቱም ያውቁ ነበር። ቢራጎን ማልቀስ አማራት፣ መሳደብ አማራት፣ መፍጫውን በእግሯ ብትገፋው ደስ ባላት ነበር። አላደረገችውም። የኒያርኮን ሆድ በእጇ ዳበሰች፤ ለስላሳ ነው፤ «አስመለሰሽ?» አለቻት፤ ልጅቷ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ተነሳችና ኒያርኮን አዘለቻት።

«የኮናዱን ልጅ ወዴት ነው የምትወስጂያት?» አሉ ናና።

«ይቺ ልጅ እኔን ማን ብላ ነው የምትጠራኝ ናና?»

አሮጊቷ መፍጫውን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

«እናትሽ ናት ብለው ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። ውሸት ከሆነ አሁን ይንገሯት፣ እኔም አውርጃት እሄዳለሁ።»

ናና ፍሬማ በቃሪያ የቀላ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚህ በፊት ቢራጎ ዝምታቸውን እንደ ተዘጋ በር ነበር የምታየው፤ አሁን ግን ከበሩ ጀርባ አንዲት የጨነቃት ሴት ታየቻት፤ ለልጇ ገመና ስትሸፍን የልጅ ልጇን በቃሪያ የምታቃጥል። በመጨረሻ ናና በርጩማቸው ላይ ዞር አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አደረጉ።

«ራሷን ሸፍኚላት» አሉ። «ፀሐዩ ከባድ ነው።»

አንዷን አዝላ ሌላዋን እየጎተተች ሃያ አምስቱን ደቂቃ በእግሯ ሄደችው፤ ሚኒባስ መጠበቅ አልቻለችም። ዱፊ በየመንገዱ «ደከመኝ»፣ ኒያርኮ ከጀርባዋ «እሷ ትታዘል፣ እኔ ልውረድ»፣ ከዚያ ደግሞ «አልወርድም»። አንድ ቦታ ላይ ጥቁርና ቀይ የለበሱ ለቀስተኞች መንገዱን ሞልተውት በመካከላቸው መሹለክ ነበረባት። አንዲት ሴትዮ «ቀስ በይ፣ ሟቹ እንኳ እንዲህ አልቸኮለም» አለቻት። ስትደርስ ሲስተር ኦፎሪዋ ሣጥኗን በጨርቅ እየጠረገች፣ መዝገቡን ልትዘጋ ነበር። ኒያርኮን አልጋው ላይ አስተኝታ ሆዷን ተጫነች፣ ዓይኗን ገልባ አየች፣ እናት የምትጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ ቢራጎን ጠየቀቻት። ከዚያ ብዕሯን አንስታ፣

«የእናት ስም?» አለች።

«ቢራጎ።»

«የጠዋቷስ?»

«እሷም የኔ ናት።»

ነርሷ ከመነጽሯ በላይ አየቻት። አንዷ ጠይም፣ አንዷ ቀላ ያለች፣ በዕድሜ የአንድ ዓመት ያህል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ነርሷም ጠዋት ስለ ኮናዱና ስለ ኩባያው ሁሉን የሰማች ናት። ግን እሷም የዚህ አገር ልጅ ናት፤ እሷንም ሦስት እናቶች አሳድገዋታል። «ቢ፣ራ፣ጎ» እያለች ጻፈችው። ለኒያርኮ ክኒኑን ሰጠቻት። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ብለሽ ለዚያች ለሌላዋ እናቷ ንገሪያት። ሰላጣውን በሚፈስ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ባታቀርቡት ደግሞ ይሻላል። እጃቸውንም በሳሙና።»

ኮናዱ ስትመለስ ጀንበር እያዘቀዘቀች ነበር። ሰው ነግሯታል፤ በዚህ ከተማ ወሬ ታክሲ አይጠብቅም። ድስቱን ሳታወርድ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ግቢው መሀል ቆመች። ተከራዮች ደጃፍ ደጃፋቸው ላይ ናቸው፤ ፖኩዋ ልብስ እያሰጣች አንዱን ቀሚስ አራት ጊዜ አራገፈችው። ቢራጎ የእናቷ ክፍል ደጅ ላይ ዱፊን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን ትሠራላት ነበር። ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለች ኮናዱ።

«እናቷ ማን ናት ተብዬ ተጠየቅሁ። እኔ ነኝ አልኩ።»

«እንግዲያውስ ቅዳሜ...»

«ኮናዱ» አሉ ናና ፍሬማ።

ከበርጩማቸው አልተነሱም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ቀኑን ሙሉ ስለ ነገሩ ያልተናገሩ ሰው ሲናገሩ ግን ግቢው ጆሮውን ሰጠ፤ ፖኩዋም ሬዲዮዋን ዘጋች። «ይበቃል ልጄ። እኔ ስሸሽግልሽ ደከመኝ። የቢራጎ እናት ከእኔ ጋር በአንድ ጡት አድጋለች፤ ያ ክፍል የእሷ ነው፣ እኔ ጠባቂ ነበርኩ። ወስፋቱም ይቺ ልጅ ሳትመጣ እዚህ ቤት ነበር። በእጄ ነው የጣልኩት።»

ኮናዱ ዙሪያዋን አየች፣ ደጃፎቹን፣ ፊቶቹን፣ ነገ ጠዋት ሳህን ይዘው የሚሰለፉትን ወይም የማይሰለፉትን። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ረገፈ። ቢራጎን አሳዘነቻት፤ ማዘኗም አናደዳት። ኮናዱ ድስቱን መሬት ላይ አስቀመጠችና በዝቅተኛ ድምፅ፣

«እሺ። አትሄድም» አለች።

«አልሰማሁም» አለች ቢራጎ።

«አትሄድም አልኩሽ እኮ።»

«ጠዋት እንዲህ አልነበረም ድምፅሽ። ጠዋት ግቢው ሁሉ ሰምቷል።»

ኮናዱ ከንፈሯን ነከሰች። ፖኩዋ ቀሚሱን ማራገፍ አቆመች። ናና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «እኔም አርጅቻለሁ፣ አልሰማሁም» አሉ።

«ዱፊ የትም አትሄድም!» አለች ኮናዱ፤ ድምፅዋ ከቆርቆሮው ጣራ ደርሶ ተመለሰ፤ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። «ልጃችን ናት። ቅዳሜም አትሄድም፣ በሌላም ቀን አትሄድም። ሰማችሁ?»

ሰምተዋል። ፖኩዋ «እሰይ» አለች በለሆሳስ። ቢራጎ ማበጠሪያውን እንደገና አነሳች። ያን ጊዜ ዱፊ ጭኗ ላይ ዞር አለች፤ ግማሽ ፀጉሯ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ፣ እናቷን ቀና ብላ አየቻት።

«እማዬ» አለች። «የት ልትልኪኝ ነበር?»